ዓይን ያየውን ካሜራው ለምን ያጣዋል? በፖቶማክ ዳር የመጸው ፎቶ ስለማንሳት

ጥቅምት ሲጋመስ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ ስልኩን ይዞ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ይወጣል። ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ይመጣሉ። ልጆች ያስከተሉ ቤተሰቦች ይመጣሉ። ከሀገር ቤት ለጥየቃ የመጡ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ቅጠል መሀል ይቆማሉ። ዛፉ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ሆኗል፤ ዓይን አይጠግብም። ቤት ገብተው ፎቶውን ሲከፍቱት ግን ያ ሁሉ የለም። ሰማዩ ነጭ ሆኗል፣ ዛፉ ደብዝዟል፣ ውሃው ጭቃ መስሏል። "ይሄ ስልክ አይረባም" ይባላል። ስልኩ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዓይናችን የሚያየውን እያስተካከለ ነው የሚያየው። የሰማዩን ድምቀት ያበርደዋል። ጥላ ውስጥ ያለውን ፊት ያፈካዋል። ቅጠሉ ላይ የሚያብለጨልጨውን ነጭ ብርሃን ችላ ይለዋል። ካሜራ ግን በአብዛኛው የደረሰውን ብርሃን እንዳለ ይመዘግባል። ወንዝ ዳር ደግሞ ብርሃን ከሁለት ወገን ይመጣል፤ አንዱ ከሰማይ፣ አንዱ ከውሃው። ስለዚህ ወንዝ ዳር የመጸው ፎቶ ማንሳት የሚያምር ዛፍ መፈለግ ብቻ አይደለም። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይቶ የትኛውን እንደምትፈልጉ መወሰን ነው። ይህ ከገባችሁ በመካከለኛ ስልክም ግሩም ፎቶ ይነሳል።

ቀለሙ መቼ ይመጣል?

ቅጠል በሞቃቱ ወራት አረንጓዴ የሚሆነው በክሎሮፊል ነው። ቀኑ እያጠረ፣ ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ሲመጣ ዛፉ ክሎሮፊል መሥራቱን ይተዋል። ያለውም ይፈራርሳል። ያኔ ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫና ብርቱካናማ ይገለጣል። ይህ ካሮቲኖይድ የሚባለው ቀለም ነው፤ ቅጠሉ ለምለም ሳለም እዚያው ነበር። ቀዩ ግን ሌላ ታሪክ አለው። አንቶሳያኒን ይባላል፤ አብዛኛው የሚሠራው በዚያው ሰሞን፣ ቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር ነው። ለእሱ ፀሐያማ ቀንና ብርድ ያለው፣ ግን ውርጭ ያልገባበት ሌሊት ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት ቢጫው በየዓመቱ ይመጣል ማለት ይቻላል። ቀዩ ግን የአየሩን ጠባይ ይጠብቃል።

በዲሲ አካባቢ ቀለሙ የሚደምቀው አብዛኛውን ጊዜ ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 15 እስከ ጥቅምት መጨረሻ በሉት። ሁሉም ዛፍ ግን እኩል አይለወጥም። ብላክ ገም የሚባለው ቀድሞ ይቀላል። ቱሊፕ ፖፕላርና ሜፕል ይከተላሉ። ኦክ መጨረሻ ይመጣል። በከተማው ጎዳናዎች ላይ የተተከለው ጊንኮ ደግሞ ጠባዩ ለየት ይላል። ጥርት ያለ ቢጫ ይሆንና ኃይለኛ ውርጭ ሲመታው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ቅጠሉን ሁሉ ያራግፈዋል። "ቅዳሜ እሄዳለሁ" ብሎ ጊንኮን መቅጠር አይቻልም። ሲያምር ያኔውኑ መውጣት ነው።

ጠዋት በጆርጅታውን፣ አመሻሽ ላይ በቨርጂኒያ

የወንዝ ትልቁ ጥቅም ሁለት ዳር ያለው መሆኑ ነው። አንዱ ላይ ቆማችሁ ሌላውን ታነሳላችሁ። የት እንደምትቆሙ የምትወስነው ፀሐይ ናት።

ጆርጅታውን ጋ ፖቶማክ ዲሲን ከቨርጂኒያ ይለያል። ጠዋት ፀሐይ ከምሥራቅ ስትወጣ ብርሃኗ የሚያርፈው ማዶ፣ ቨርጂኒያ ዳር ባሉት ዛፎች ላይ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጆርጅታውን ዋተርፍሮንት ፓርክ ቁሙና ማዶውን አንሱ። ከፊታችሁ የምታዩት ደን ቴዎዶር ሩዝቬልት ደሴት ነው። ስፋቱ 88 ኤከር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ከተማ መሀል እንዲህ ያለ ጫካ መኖሩ ራሱ ያስገርማል። የመጀመሪያው ጨረር የዛፎቹን አናት ይነካል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። እናንተ ባላችሁበት በኩል ያለው ውሃ ግን ከተማው ፀሐይዋን ስለሚከልልበት ገና ጥላ ውስጥ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ስለ ውሃው ስናወራ ይጠቅመናል።

አመሻሽ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ በቨርጂኒያ በኩል ስትዘቀዝቅ የምታበራው ጆርጅታውንን ነው። ያን ጊዜ እናንተ ቨርጂኒያ ዳር፣ ማውንት ቨርነን ትሬይል የሚባለው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ላይ ወይም ደሴቱ ላይ መሆን አለባችሁ። እ.ኤ.አ. በ1923 የተከፈተው የኪ ድልድይ ቅስቶች በዚያ ሰዓት ወርቅ ይለብሳሉ። ከጀርባቸው ያለው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ማማም እንዲሁ።

ወደ ደሴቱ የሚገባው ከቨርጂኒያ በኩል ባለ የእግረኛ ድልድይ ነው። በመኪና ለሚሄድ ሰው መኪና ማቆሚያው የሚገኘው በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ወደ ሰሜን በሚሄደው መስመር ብቻ ነው። በደቡቡ መስመር እየመጣ "አለፍኩት" የሚል ሰው ብዙ ነው። ቅዳሜና እሑድ ማቆሚያው ቶሎ ስለሚሞላ ከሮዝሊን ሜትሮ በእግር መሄዱ ይሻላል።

ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ ግን ብቸኛው መንገድ አይደለም። ቅጠል ስስ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። አንዲት የሜፕል ቅርንጫፍ በእናንተና በፀሐይዋ መሀል ስትሆን ቅጠሉ ራሱ የበራ ይመስላል። ሥሮቹ ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። እንዲህ ያለውን ለማንሳት ቀረብ በሉ። ፀሐይዋን በግንድ ወይም በራሱ በቅጠሉ ከልሏት። ከቅጠሉ ጀርባ ጥቁር የሚል ነገር፣ ለምሳሌ ጥላ ያለበትን የማዶ ዳር፣ አስገቡ። ሰፊ እይታ ሲሆን ብርሃን ከጀርባችሁ ወይም ከጎናችሁ ይሁን፤ ቀረብ ብሎ አንድ ቅጠል ለማንሳት ብርሃኑ ከፊት ይምጣ።

የሰዓቱን ነገር በአሜሪካ አቆጣጠር ልንገራችሁ። በኦክቶበር መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 7:30 ገደማ፣ የምትጠልቀው ደግሞ ማታ 6:10 አካባቢ ነው። ኖቬምበር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ጀንበር 5:00 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ከሥራ ወጥታችሁ አመሻሹ ላይ የምትደርሱ ከሆነ ያ እሑድ በፊታችሁ ያለ ገደብ ነው። ከእሱ በኋላ የሥራ ቀን ላይ የሚቀራችሁ ማለዳው ነው። ለማለዳ ሰው ግን የሰዓት ለውጡ በረከት ነው፤ ፀሐይዋ 6:40 አካባቢ ትወጣለች፣ ሥራ ከመግባት በፊት ሙሉ ሰዓት ታገኛላችሁ።

ጀንበሯ ስትጠልቅ ወዲያው ወደ መኪና አትሩጡ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል፤ የከተማው መብራትም በርቶ ውሃው ላይ ይወርዳል። ይህ የሚቆየው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ቢጫ ዛፍ ከሰማያዊ ሰማይ ሥር፣ ከመንገድ መብራት አጠገብ፣ በቀን ከምታዩት በላይ ይደምቃል። በዚህ ሰዓት እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ስልኩን የብረቱ አጥር ላይ አስደግፉት።

ውሃውን መስታወት የሚያደርገው

ኪ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ወንዙ ቡናማ ነው። ወርዳችሁ ዳሩ ላይ ስትቀመጡ ያው ወንዝ የዛፎቹን ቀለም ለብሷል። ውሃው አልተለወጠም። የተለወጠው የምታዩበት አንግል ነው።

ውሃ በቀጥታ ቁልቁል ስታዩት ካረፈበት ብርሃን የሚመልሰው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው ወደ ውስጥ ይገባል። የምታዩት እንግዲህ የራሱን የውሃውን ቀለም፣ ከነደለሉ ነው። ዝቅ ብላችሁ በ10 ዲግሪ ያህል አንግል ስታዩት ግን የሚመልሰው ከሲሶ ይበልጣል። አሁንም ዝቅ ካላችሁ ከግማሽ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ዛፉ ውሃው ላይ ተገልብጦ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው መንበርከክ አለበት። ስልክ ከሆነ ደግሞ አንድ ዘዴ አለ። ስልኩን ገልብጡት፤ ሌንሱ ያለበት ጫፍ ወደ ታች ይሁን። ያኔ ሌንሱ ከውሃው ጥቂት ጣት ብቻ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ፎቶው ከቆማችሁበት ቦታ ከተነሳው ጋር አይገናኝም። ማሰሪያውን እጃችሁ ላይ ጠምጥሙ እንጂ።

ሁለተኛው ነገር ጥላ ነው። ማዶ ያለው ዛፍ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ከፊታችሁ ያለው ውሃ ደግሞ ጥላ ውስጥ ሲሆን፣ ነጸብራቁ ይጠራል። የራሱ የውሃው ቀለም ይጠቁርና የዛፉ ብቻ ይቀራል። ቅድም ስለ ጠዋቱ ጆርጅታውን ያልኩት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ነፋስ ነው። ማለዳ አየሩ ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ረፋዱ ላይ ነፋሱ ይነሳል፤ ውሃው ይሸበሸባል፤ ዛፉም ይበታተናል። የቀዛፊዎች ጀልባ ካለፈም ጥቂት ታገሱ፤ ውሃው ተመልሶ ይረጋል። እኔ ግን ቀዛፊዎቹ ሲያልፉ ብታነሱ እመርጣለሁ። ባዶ ወንዝ ከየትም ወንዝ ጋር ይመሳሰላል። ጎህ ሲቀድ ረጅሙ ጀልባ ቢጫውን ነጸብራቅ ሲሰነጥቀው ግን ይህ የፖቶማክ ጠዋት መሆኑ ይታወቃል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ጉዳይ አለ። ፖቶማክ ዲሲ ጋ ሲደርስ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ያገኘዋል። ይህ የሚደርሰው ከቼይን ድልድይ አጠገብ እስካለው ሊትል ፎልስ ድረስ ነው። ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ልዩነቱ ሦስት ጫማ፣ ማለትም 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ለፎቶ ግን ብዙ ነው። ሲጎድል ጭቃው ይወጣል፣ የተጣለው ፕላስቲክ ይታያል፣ የደሴቱ ዳር ቡናማ መስመር ያወጣል። ሲሞላ ውሃው እስከ ዛፎቹ ሥር ይደርሳል፤ ዛፉና ነጸብራቁም ይገጥማሉ። ኖኣ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የውቅያኖስና የአየር ተቋም የዋሽንግተንን የሙላት ሰዓት አስቀድሞ በነጻ ያወጣል። ሙላቱ ከፀሐይ መውጫ ጋር የሚገጥምበትን ቀን ፈልጉ። ሞልቶ መጉደል ከመጀመሩ በፊት ውሃው ለጥቂት ጊዜ ቆም ይላል። የሚረጋውም ያኔ ነው።

ጉሙስ? ጥቅምት ላይ ወንዙ ከአየሩ ይልቅ ሙቀት ይዞ ይቆያል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ሌሊቱ ክፉኛ ሲቀዘቅዝ ከውሃው የሚነሳው እንፋሎት ወዲያው ጉም ይሆናል። በብርድ ቀን ከጀበናው አፍ ላይ የሚጨሰውን አስቡት፤ አሠራሩ ያው ነው። ፀሐይዋ ከወጣች በኋላ ቶሎ ስለሚበተን ገና ወገግ ሲል ቦታችሁ ላይ መገኘት ይኖርባችኋል። ካሜራው ጉሙን ሲያይ "በጣም በራ" ብሎ ያጠቁረዋል። በካሜራ ከሆነ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ፎቶው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ በሁለት ሦስተኛ ወይም በአንድ ስቶፕ ጨምሩት፤ አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። በስልክ ከሆነ ስክሪኑን ነክታችሁ ጣታችሁን ትንሽ ወደ ላይ አንሸራትቱ።

ፖላራይዘር፣ ወይም የሹፌር መነጽር

ፖላራይዝድ መነጽር ያደረጋችሁ ሹፌሮች አንድ ነገር ሞክሩ። ወንዙ ዳር ቁሙና ጭንቅላታችሁን ወደ ትከሻችሁ ዘንበል አድርጉ። ጠፍቶ የነበረው የውሃው ብልጭታ ይመለሳል። ቀና ስትሉ ይጠፋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከፀሐይ የሚመጣ ብርሃን በየአቅጣጫው ይርገበገባል። ከውሃ ላይ ነጥሮ የሚመለሰው ግን በአብዛኛው አግድም ነው የሚርገበገበው። መነጽሩ አግድሙን ያግደዋል። ፖላራይዘር የሚባለው የሌንስ ፊልተርም ሥራው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በጣት መዞሩ ነው። ውሃውን በ37 ዲግሪ ያህል ቁልቁል ስታዩት ኃይሉ ከሁሉም ይበረታል።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ወንዝ ዳር የዛፉ ነጸብራቅም የነጠረ ብርሃን ነው። ፊልተሩን እስከ መጨረሻው ካዞራችሁት ብልጭታውን ብቻ ሳይሆን የምትፈልጉትን ነጸብራቅም ይወስደዋል። ስለዚህ ስክሪኑን እያያችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የዛፎቹ ምስል ሳይጠፋ ነጭ ብልጭታው ቀነስ ሲል እዚያ ላይ አቁሙ። ነጸብራቁ ካላስፈለገ፣ ለምሳሌ ድንጋዩ ሥር የሰመጡ ቅጠሎችን ማሳየት ከፈለጋችሁ፣ ሙሉ በሙሉ አዙሩት። ውሃው መስኮት ይሆናል።

ፊልተሩ ከውሃው ይልቅ ቅጠሉ ላይ የሚያደርገው ነገር ይበልጣል እላለሁ። ቅጠል ገጹ ሰም የተቀባ ያህል ስለሚያንጸባርቅ የሰማዩን ነጭ ይለብሳል። ቀለሙ በፎቶ የሚደበዝዘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በተለይ ከዝናብ በኋላ እርጥብ ቅጠል ላይ ፊልተሩን ስታዞሩ ነጩ ይገፈፍና ቀዩ ከሥሩ ይወጣል። አዲስ ስልክ ወይም ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንድ ነገር ግዙ። ለስልክ ካጣችሁ መነጽራችሁን አውልቃችሁ ሌንሱ ፊት ያዙት፤ ይሠራል። ዋጋ ግን ያስከፍላል። ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይበላል። በሰፊ ሌንስ ከሰማይ ጋር ስታነሱ ደግሞ ሰማዩን አንዱን ጎን ጥቁር፣ አንዱን ነጣ ያለ ያደርገዋል።

ደመናማ ቀንን አትጥሉት። ብዙ ሰው "ዛሬ ፀሐይ የለም" ብሎ ይቀራል። ደመና ብርሃኑን ስለሚያለዝበው ጥላና ብልጭታው አይጋጩም፤ የቅጠሉ ቀለም ወጥ ሆኖ ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ፤ ነጩን ሰማይ ከፍሬሙ አስወጡት። ካሜራውን ዝቅ አድርጉና ዛፉን፣ ውሃውን፣ ዳሩን ብቻ ያዙ።

ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ፊት፣ ቢጫ ቅጠል

የእኛ ሰው ወንዝ ዳር ሲወጣ የሚያነሳው ዛፍ ብቻ አይደለም፤ ሰው ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ይበዛል።

አንዲት እናት የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው ቢጫ ሜፕል ሥር ቆመዋል እንበል። ከፎቶው ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያበራው ነጠላው ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ድምቀት መጎተት ይወዳል። ነጩ ከበዛበት ሁሉን ያጠቁራል፤ ፊታቸው ይጨልማል። ስልኩ ፊት ለይቶ እሱን ለማፍካት ከሞከረ ደግሞ ነጠላው ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ሽመናው የለም፤ ጥለቱም ጠርዙ ላይ ይበላል። ሁለቱም ያሳዝናል፤ ቀሚሱ የተለበሰው ለዚያ ጥለት ነውና።

መፍትሔው ከካሜራው በፊት አቋቋም ነው። ከዛፉ ጥላ ጫፍ ላይ አቁሟቸው፤ ፊታቸው ወደ ወንዙ ይዙር። ወንዙ በላይ ያለው ሰማይ ክፍት ስለሆነ ለስላሳ ብርሃን ፊታቸው ላይ ይወርዳል። ውሃውም ከታች ይጨምርበታል። የእኛ ጠይም ቆዳ በእንዲህ ያለ ብርሃን ወዝ ያወጣል፤ በቀትር ፀሐይ ግን ግንባርና ጉንጭ ላይ ነጭ ነጥብ ይሆናል። ከዚያ ስልኩ ላይ ፊታቸውን ነክታችሁ ጣታችሁን ሳታነሱ ያዙት። አይፎን ላይ ኤኢ/ኤኤፍ ሎክ የሚል ይወጣል፤ ብርሃኑና ትኩረቱ ፊታቸው ላይ ተቆልፏል ማለት ነው። አሁን ጣታችሁን ቀስ እያላችሁ ወደ ታች አውርዱ፤ የነጠላው ሽመና ሲታይ አቁሙ። ፊቱ ትንሽ ጠቆር ቢል ግድ የለም፤ ጥላ በኋላ ይነሳል። ነጭ ሆኖ የጠፋ ጥለት ግን አይመለስም።

ቀጥሎ የቀለሙ ነገር ነው። ነጭ ልብስ በዙሪያው ያለውን ቀለም ይቀበላል። ቢጫ ዛፍ ሥር ቢጫ ይላል፤ ጠራ ባለ ሰማይ ጥላ ውስጥ ሰማያዊ ይላል። ካሜራው በራሱ ዋይት ባላንስ፣ ማለትም ነጩ ነጭ እንዲመስል ቀለሙን በሚያስተካክልበት ላይ፣ ከተተወ "ቢጫው በዛ" ብሎ ሰማያዊ ይጨምርበታል። በዚህ ጊዜ የቅጠሉ ወርቅ ይጠፋል፤ ፊትም አመድ ይመስላል። በካሜራ ወይም በስልኩ ፕሮ ሞድ ዋይት ባላንሱን ዴይላይት ወይም ክላውዲ ላይ አድርጉ። ስልካችሁ ይህን ምርጫ ካልሰጣችሁ ኋላ ኤዲት ስታደርጉ ዋርምዝ የሚለውን ትንሽ ወደ ሞቃቱ ግፉት። መለኪያችሁ ቆዳቸው ይሁን፤ ፊታቸው እንደምታውቁት ከሆነ ሌላው ይከተላል።

ቀይ ቅጠልም የራሱ ጣጣ አለው። ካሜራ ቀለምን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ለይቶ ነው የሚይዘው። ደማቅ ቀይ ሜፕል ላይ ቀዩ ብቻውን ሊሞላ ይችላል፤ አጠቃላይ ፎቶው ግን ደህና ይመስላል። ውጤቱ ሥር የሌለው፣ ቀለም የተቀባ የመሰለ ቅጠል ነው። አጉልታችሁ እዩት፤ የቅጠሉ ሥሮች ካልታዩ ኤክስፖዠሩን በአንድ ሦስተኛ ወይም በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ቀንሱ። በዚህ ምክንያት ኤዲት ሲደረግ ሳቹሬሽን የሚለውን፣ የቀለም ማድመቂያውን፣ መጎተት አልወድም። ቀዩን ይደፍነዋል፣ ፊትንም ብርቱካን ያደርገዋል። ሃይላይቱን፣ ማለትም በጣም የሚያበራውን ክፍል፣ ቀንሱ፣ ጥቁሩን ትንሽ ጨምሩ፤ ቀለሙ በራሱ ይወጣል።

ከጆርጅታውን ወጣ ብሎ

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁ ፖቶማክ ድረስ መሄድ የለባችሁም። ሮክ ክሪክ ከሜሪላንድ ተነስቶ ዲሲን አቋርጦ ፖቶማክ የሚገባ ትንሽ ወንዝ ነው። ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ1890 ፓርክ ሆኗል። ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ፀሐይ ዘግይታ ትገባለች፤ ለደመናማ ቀን የተሠራ ቦታ ነው። ውሃው በድንጋይ መሀል ስለሚፈስ እንደ ሐር የለሰለሰ ውሃ ለማንሳት ይመቻል። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ካላችሁ ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ ከግማሽ ሰከንድ እስከ ሁለት ሰከንድ አድርጉት፤ አይኤስኦ የሚባለው የካሜራው የብርሃን ስሜት 100 ይሁን። አይፎን ያላችሁ ላይቭ ፎቶ አንሱና ኋላ ሎንግ ኤክስፖዠር የሚለውን ምረጡ። ስልኩ ግን ድንጋይ ላይ ተደግፎ ሳይነቃነቅ መነሳት አለበት።

ከጆርጅታውን ወደ ላይ 14 ማይል ገደማ ሲኬድ ግሬት ፎልስ አለ። ወንዙ እዚያ አንድ ማይል በማይሞላ ርቀት 76 ጫማ ይወርዳል። የዳሩ ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ጠዋት በሜሪላንድ በኩል፣ አመሻሽ ላይ በቨርጂኒያ በኩል። ግን እባካችሁ ከአጥሩ አትለፉ። ውሃ ውስጥ መግባት ክልክል ነው። ዓለቱ ያንሸራትታል፤ ላይ ላዩን ጸጥ ያለ የሚመስለው ውሃ ከሥር ይጎትታል። በየጊዜው ሰው የሚወስድ ወንዝ ነው።

ሌላው አደጋ ከቀለሙ ጋር ይመጣል። በግንድ ላይ የሚጠመጠም፣ በመጸው ደማቅ ቀይ የሚሆን ሐረግ አለ። ልጅ አጠገቡ አቁሞ ፎቶ ማንሳት ያምራል። ቅጠሉን ቁጠሩት። በአንድ አገዳ አምስት ከሆነ ቨርጂኒያ ክሪፐር የሚባለው ነው። ሦስት ከሆነ ግን ፖይዝን አይቪ ሊሆን ስለሚችል ራቁ። ኡሩሺዮል የሚባል ዘይት አለው፤ ቆዳን ያሳክካል፣ ውሃ ያስቋጥራል። ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ ላይ ጸጉራም ገመድ መስሎ ሲቀርም ያው ነው። ነጠላና ቀሚስ ከነካው ዘይቱ ጨርቁ ላይ ስለሚቆይ መታጠብ አለበት።

ድሮን የምታስቡ ደግሞ ተዉት። ብሔራዊ ፓርኮች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ድሮን ከልክለዋል። ከዚያም በላይ በሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ በ15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማስነሳት አይቻልም። ከላይ ማየት ከፈለጋችሁ የኪ ድልድይ የእግረኛ መንገድ ይበቃል።

ጥቅምት ካለፈ በኋላም አልዘገያችሁም። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ኦኩ ወደ ቡናማ ቀይ ይሄዳል። ቢች የሚባለው ዛፍ ናስ የመሰለ ቅጠሉን ይዞ ይቆያል። ወንዙ ዳር የሚበዛው ሲካሞር ደግሞ ቅጠሉ ሲረግፍ ነጭ ግንዱ ከላይኛው ቅርንጫፍ ጀምሮ ይገለጣል። ለእሱ ሰማዩ የጠራ ቀን፣ ፀሐይዋም ዝቅ ያለችበትን ሰዓት ምረጡ፤ ብርሃኑ ከጀርባችሁ ይምጣ። ስለ ነጠላው ያልኩት ለግንዱም ይሠራል፤ ኤክስፖዠሩን ቀነስ አድርጉት።